ስለ ጉልበትና ስለ ልኩ

ሰው በተፈጥሮው ጉልበትን ይወዳል። ሕፃን ልጅ እንኳ ገና በእግሩ መቆም ሲጀምር ወንበር እየገፋ ቤቱን ይዞራል፤ ወንበሩም ሲንቀሳቀስለት ወደ እናቱ ዞሮ ይስቃል። ካደገም በኋላ ይህ ፍቅር አይለቀውም። ገበሬው ስለ በሬው፥ ነጋዴው ስለ በቅሎው፥ የዛሬው የከተማ ሰው ደግሞ ስለ መኪናው ጉልበት ሲያወራ ፊቱ ይፈካል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጉልበት በሌለበት ቤት ውኃ አይቀዳም፥ እንጨትም አይፈለጥም። ይሁን እንጂ ጉልበትን መውደድና የጉልበትን ልክ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን ሳንማረው እናረጃለን።

እንግዲህ ለወጣት አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ብርቱ የሆነ ሰው ምን ያህል ሊሸከም ይገባዋል? «ትችላለህ» የተባለውን ሁሉ ነውን? ወይስ ከችሎታው ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ ነገር አለ?

ይህንን ለመመርመር ምሳሌ አድርጌ የምወስደው ቤተሰብ የሚጫንባቸውን ትላልቅ መኪናዎችና ከኋላቸው የሚጎትቱትን ተሳቢ ነው። «የሥነ ምግባር ጽሑፍ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብና ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራንም ስለ አንድ ነገር ክፉ ወይም ደግ ብለን ከመናገራችን በፊት እንድንለካውና እንድንመዝነው ያስገድዱን ነበር። አሁን ከልጄ ቤተሰብ ጋር በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፥ በዴንቨር ከተማ አጠገብ እኖራለሁ። በዚያ አገር እንዲህ ያለው መኪና በየደጁ ቆሞ ይታያል፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎቹ ይነዱታል። ስለዚህ ምሳሌዬን በዓይኔ ከማየው ነገር ወሰድሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የጉልበት ቁጥር ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። ከ1736 እስከ 1819 የኖረው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን አሻሽሎ ለገበያ ሲያቀርብ፥ ገዢዎቹ የሚያውቁት የፈረስን ሥራ ስለ ነበረ ሞተሩን ከፈረስ ጋር አወዳድሮ መናገር ግድ ሆነበት። ስለዚህ አንድ ፈረስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 33,000 ፓውንድ የሚመዝን ነገር አንድ ጫማ ያህል ከፍ ያደርጋል ብሎ ልክ አወጣ። ይህም በዛሬው መለኪያ 746 ዋት ያህል ነው፤ ዋት የሚባለውም መለኪያ በእርሱ ስም የተጠራ ነው። የፈረስ ጉልበት የሚባለው ቁጥር እንግዲህ ከተወለደ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ያደገ ቁጥር ነው። ይህን መርሳት አይገባንም።

በ1935 ሸቭሮሌት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ «ሰበርባን» የሚባለውን ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና ሲያወጣ ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚሁ ስም በ2021 በወጣው መኪና ላይ የሚገጠመው ባለ 5.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር 355 የፈረስ ጉልበት አለው። ጉልበቱ ስድስት እጥፍ ያህል አድጓል፤ የሚሳፈርበት ሰው ግን ዛሬም ከሰባት እስከ ዘጠኝ ነው። ቶዮታ በ2023 ያወጣው «ሴኮያ» ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር የተጣመረ 437 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፥ እንደ አሠራሩ ዓይነት እስከ 4,300 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ይጎትታል ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚህ ጉልበት ከፊሉ የሚውለው የመኪናውን የራሱን ክብደት ለማንቀሳቀስና ፍጥነት ለመጨመር ነው። የቀረው ጀልባ፥ በጎማ ላይ የተሠራ ቤት፥ ፈረስ፥ ወይም የሥራ ዕቃ ለሚጎትት ሰው የተዘጋጀ ነው።

ጉልበት ስንልም አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። የፈረስ ጉልበት ሥራው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይነግረናል። ሌላው ደግሞ የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ ይኸውም የዛገ ብሎን የሚፈታ ሰው ረጅም ቁልፍ ይዞ ሲጫን የሚያሳርፈው ኃይል ዓይነት ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት የ2021 መኪና ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች መካከል ባለ 6.2 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር 420 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባለ 3 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ደግሞ 277 ብቻ። የመጠምዘዝ ኃይላቸው ግን እኩል 624 ኒውተን ሜትር ነበር። ልዩነቱ የቤንዚኑ ሞተር ይህን ኃይል የሚያገኘው በደቂቃ 4,100 ጊዜ ሲዞር፥ ናፍጣው ግን 1,500 ጊዜ ብቻ ሲዞር መሆኑ ነው። ዳገቱን ፈጥኖ ለመጨረስ ቤንዚኑ ይበልጣል፤ ከቆመበት ከባድ ነገር ይዞ ለመነሣት ግን ናፍጣው ሳይጮህ ይበቃል። ከተማሪዎቼም መካከል ይህን ዓይነት ልዩነት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እጁን ቶሎ የሚያወጣው ልጅና ከባዱን ጥያቄ ዝም ብሎ የሚጨርሰው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ልጅ አልነበረም።

ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ መኪናው ምን ያህል እንደሚጎትት በራሱ መንገድ እየለካ ይናገር ነበር። በ2008 ግን የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር «ጄ 2807» የሚባል የጋራ መለኪያ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት መኪናው ሙሉ ተሳቢውን ይዞ በአሪዞና በዴቪስ ግድብ አጠገብ የሚነሣውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መውጣት አለበት። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ያህል ሆኖ፥ ማቀዝቀዣው እየሠራ፥ ፍጥነቱም በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ ነው። ደግሞም ከመቶ 12 በሆነ ዳገት ላይ ከቆመበት እየተነሣ ይፈተናል፤ በተወሰነ ርቀት ውስጥ መቆም መቻሉም ይታያል። ቶዮታ በ2011 ዓይነት መኪናዎቹ ከሁሉ ቀድሞ በዚህ ሚዛን ሲለካ የአንዳንዶቹ ቁጥር ከቀድሞው ዝቅ አለ። መኪናዎቹ አልደከሙም፤ ሚዛኑ ተስተካከለ እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ይህ ጥሩ ደንብ እንኳ የመጎተት ቁጥሩን ሲያወጣ በመኪናው ውስጥ የሚቆጥረው ነጂውንና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸውም 68 ኪሎ ያህል ተብለው ይታሰባሉ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር እንግዲህ እውነት የሚሆነው የቤተሰቡ መኪና ቤተሰቡን ሳይጭን ነው። ከሁለቱ ሰዎች በላይ የሚገባ እያንዳንዱ ሰውና እያንዳንዱ ሻንጣ ከመጎተቱ ላይ ይቀነሳል። ይህንንም ፋብሪካዎቹ አልደበቁትም፤ በመመሪያው መጽሐፍ ጽፈውታል። ነገር ግን መጽሐፉን የሚያነበው ስንቱ ነው?

ሁለተኛ ቁጥርም አለ። በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና የነጂው በር ሲከፈት በበሩ መቃን ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ትታያለች። በእርስዋም ላይ የሰዎቹና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህን ያህል ኪሎ ከቶ መብለጥ የለበትም የሚል ተጽፏል። ይህ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ቢሆን ነው። ተሳቢው ደግሞ ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አይጥልም፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነውን በመንጠቆው በኩል በመኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ይህም የሚቆጠረው ከዚያችው ከትንሿ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ቁጥር የተፈቀደ ነገር በበሩ ቁጥር ሊከለከል ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የአገራችን ልጅ የሆነና በዴንቨር የሚኖር አንድ ወጣት የቤተሰብ አባት አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ትጉህ ሰው ነው። የምግብ መሸጫ ተሳቢ ገዝቶ በክረምት ወራት በተራራው ላይ ወዳሉት ከተማዎች ከቤተሰቡ ጋር እየወጣ ሊነግድበት አሰበ። ሊገዛው ያየው ያገለገለ ትልቅ መኪና 4,000 ኪሎ ይጎትታል ተብሎለታል፤ ተሳቢው ከነዕቃው 3,200 ኪሎ ነው። «ጋሼ፥ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ 800 ኪሎ ይተርፈኛል አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በሩን ከፍቶ ወረቀቷን እንዲያነብልኝ ነገርሁት። 660 ኪሎ ትላለች።

አብረን ቆጠርን። የተሳቢው ክብደት በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ከመቶ 12 ቢሆን 384 ኪሎ። እርሱ፥ ሚስቱ፥ እናቱና ሦስቱ ልጆቹ በአንድነት 310 ኪሎ። ስንቅ፥ ውኃና ሻንጣ 70 ኪሎ። ድምሩ 764 ሆነ። በትልቁ ቁጥር 800 ኪሎ የተረፈው ሰው በትንሿ ቁጥር 104 ኪሎ ጎደለበት።

ወጣቱ ብልህ ነውና «የተሳቢውን ዕቃ ወደ ኋላ ብናሸሸውስ? ያን ጊዜ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል» አለ። ሐሳቡ በሒሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ከመቶ 10 በታች ሲሆን ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል፤ ውዝዋዜው ከበረታም መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ማንን ላውርድ?» አለኝ።

እናቱ ከጎናችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «እኔ ልውረድ፤ እኔ ተራራ ምን ያደርግልኛል» አሉ። ከልባቸው ነበር የተናገሩት፤ ቅሬታም አልነበረባቸውም። ወጣቱ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። ጭነት ሲበዛ «እኔ ልውረድ» የሚል ሁልጊዜ ማን ነው? ከኋላ የተንጠለጠለው ተሳቢ አይናገርም። የሚናገረው በውስጥ ያለው፥ የሚወድደንና እንዳያስቸግረን የሚፈራው ሰው ነው። ወይም ደግሞ ጭራሽ ሳይናገር ይወርዳል። ይህ ወጣት በዚያው ምሽት ስለ ሌላው ጭነቱ አጫወተኝ። የወንድሙን የዩኒቨርሲቲ ወጪ ይከፍላል፤ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ልኳል፤ በአገር ቤት ለተጀመረው ቤት በየወሩ ይልካል፤ የታመመ ዘመድ ሲኖርም መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሱ ነው። ሁሉም «አንተ ብርቱ ነህ» ይለዋል፤ እርሱም ብርቱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ያዘ። ከልጆቹ ጋር ለእራት ከተቀመጠ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ስጠይቀው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። ከመኪናው ማንን እንደሚያወርድ ጨንቆት የጠየቀኝ ሰው፥ ከቤቱ ልጆቹን ካወረዳቸው ቆይቷል።

የሰውም የማስታወቂያ ቁጥር አለው። ደመወዙ፥ ዲግሪው፥ የሚኖርበት አገር ስም፥ በሠርግ ቀን የለበሰው ልብስ፥ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በዘመድ ዓይን «ይህን ያህል ይጎትታል» የሚል ቁጥር ይሆናሉ። የበሩን ቁጥር ግን ከሩቅ ያለ ሰው ሊያየው አይችልም። በሩን ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘመድ ስለማያየው መውቀስ አይገባም፤ ባለቤቱ ሳያነበው ሲቀር ግን የሚጎዱት በውስጥ የተቀመጡት ናቸው።

በዚህ ላይ የቦታ ነገር አለ። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ከፍ ወዳለ አገር በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ አየርን በግድ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ትልቅ መንገድ ግን በአይዘንሃወር ዋሻ ዘንድ 3,400 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ 355 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አንድ ሦስተኛውን ያህል አጥቶ ከ240 በላይ ብዙም አይኖረውም። በአዲስ አበባም ከፍታ ቢሆን አንድ አራተኛውን ያህል ያጣል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ነጂውም አልሰነፈም። አየሩ ሳስቷል። ከአገሩ፥ ከጎረቤቱ፥ ከእድሩና ከቋንቋው ርቆ የሚኖር ሰውም እንዲሁ በሳሳ አየር የሚሠራ ሰው ነው። በአገሩ ሳለ ልጁን የምትይዝለት ጎረቤት ነበረችው፤ ሲታመም የሚያስታምመው ነበረው። ያው ሰው፥ ያው ክንድ ቢሆንም በዚያ የሚችለው እዚህ ሊያቅተው ይችላል። ይህን ለዘመዶቹ በፍቅር ማስረዳት ይገባዋል እንጂ እንደ ውርደት ሊደብቀው አይገባም።

ሌላም ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱ ይጠይቃል፤ ተሳቢ የያዘ ሰው የሚፈተነው ግን በቁልቁለቱ ነው። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 6,500 ኪሎ ቢሆኑና 300 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፥ የአየሩንና የጎማውን ሰበቃ ባንቆጥርና ሌላም የሚያግዳቸው ነገር ከሌለ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይወርዳል። ፍሬኑም ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። በሚያዝያ 2019 ከዴንቨር ከተማ ምዕራብ ከተራራው የሚወርድ እንጨት የጫነ ከባድ የጭነት መኪና ፍሬኑ እንቢ ብሎት በቆሙ መኪናዎች ላይ ወጥቶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ነጂ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል። በአባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ወንዙ ተሳቢ እየጎተተ የወረደ ሾፌር ሁሉ ይህን ሳይማረው ያውቀዋል፤ ያላወቀው ለመናገር አልተረፈም። ከዚህ የምንማረው «መሳብ እችላለሁን?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ መሆኑን ነው። የቀረው ግማሽ «ማቆም እችላለሁን?» የሚለው ነው። የማያቆሙትን ተስፋ መስጠት፥ የማያቋርጡትን ዕርዳታ መጀመር፥ ደርሶ የማይከፈል ብድር መግባት ሁሉ ፍሬኑ ሳይታይ የተያዘ ተሳቢ ነው።

አሁን አንድ አንባቢ በተገቢ ሁኔታ ሊቃወመኝ ይችላል። «መምህር፥ እርስዎ ለስስታሞች ሰበብ እየሰጡ ነው። ሁሉም የበሬን ቁጥር አንብቤአለሁ እያለ እጁን ቢሰበስብ የደከመውን ማን ይጎትተዋል? እኛን ያስተማረን የታላላቆቻችን ትከሻ አይደለምን?» ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ እኔም ከነክብደቱ እቀበለዋለሁ። እኔ ራሴ ከዘመዶቼ በአንዱ ትከሻ ላይ ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርሁት። ስለዚህ ሌላውንም ጥፋት መናገር አለብኝ።

በየመንገዱ የማያቸው ከእነዚህ ትላልቅ መኪናዎች መካከል ብዙዎቹ ስምንት ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ይዘው ዳቦ ለመግዛት የሚሄዱ ናቸው። መንጠቆአቸውም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ቀለሙ አልተላጠም። ባለቤቱ ጉልበት ገዛ፤ ለጉልበቱም ብዙ ዓመት ዕዳ ይከፍላል፤ ነገር ግን ለማንም አልጎተተበትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሰውም እንዲሁ በእውቀትና በሀብት ከብዶ የማንንም ሸክም ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። የበሩ ቁጥር እንዲህ ላለው ሰው መሸሸጊያ አይሆንለትም። ወረቀቷ 660 ኪሎ ስትል ከ660 በላይ አትጫን ማለትዋ ብቻ አይደለም፤ እስከ 660 ድረስ መሸከም ትችላለህ ማለትዋም ነው። ልኩን ያወቀ ሰው «አልችልም» ለማለት እንደ ተፈቀደለት ሁሉ፥ በሚችለው ነገር ላይ «አልችልም» እንዳይል ታስሯል።

በልጅነቴ የሲራራ ነጋዴዎች በሰፈራችን ሲያድሩ አይ ነበር። ማታ ጭነቱ እንደ ተራገፈ አለቃቸው እያንዳንዱን በቅሎ ጀርባውን በእጁ እየዳሰሰ ያልፍ ነበር። ገጣባ የጀመረውን ካገኘ በማግሥቱ ጭነቱን ያቀልለታል፤ ያንንም ጭነት ጀርባው ደኅና የሆነ ሌላ በቅሎ ይወስደዋል። ብርቱው በቅሎ ባዶውን አይሄድም፤ የቆሰለውም እስኪወድቅ አይነዳም። ይህ አለቃ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ ነገር ግን የምናገረውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ምሥጢሩም በየማታው መዳሰሱ ነው። ጀርባ በአንድ ቀን አይቆስልም፤ ትናንት የቻለውንም ዛሬ ላይችል ይችላል።

ስለዚያ ወጣት የቀረውን ልንገራችሁ። ተሳቢውን ትቶ 1,800 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ገዛ። በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው 216 ኪሎ ስለ ሆነ ከሰዎቹና ከስንቁ ጋር 596 ኪሎ መጣለት። ምድጃው ጠባብ ነው፤ ትርፉም ካሰበው ያንሳል። ወደ አገር ቤት የሚልከውንም ቆጥሮ በየወሩ የማይጎድል አንድ ልክ ወሰነና ለወንድሙ በግልጽ ነገረው። የትምህርቱን ወጪ ሙሉውን ያዘ፤ የቤቱን ሥራ ግን አቆመ። ወንድሙ ተቀየመው። ቅያሜው ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ወጣቱም ይህን ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል። ልክን ማወቅ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ዋጋው ግን ለማን ቢከፈል ይሻላል? ከሩቅ ሆኖ ለጊዜው ለሚቀየም ወንድም ነውን? ወይስ በውስጥ ተቀምጠው ቃል ሳይናገሩ ለሚወርዱት?

እናንተ ወጣቶች ዛሬ ጉልበታችሁ እየጨመረ በሚሄድበት ዘመን ላይ ናችሁ። ነገ ሥራ ትይዛላችሁ፤ ሰዎችም እያዩ ይገምቷችኋል፥ ይጠይቋችኋልም። ስለዚህ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ። አንደኛ፥ ከማንም ጭነት ከመቀበላችሁ በፊት በውስጥ ያሉትን ቁጠሩ፤ ሽማግሌዎቹንና ሕፃናቱን ቁጠሩ፥ የራሳችሁንም እንቅልፍ ቁጠሩ። ሁለተኛ፥ የጀመራችሁትን እንዴት እንደምታቆሙት ሳታውቁ አትጀምሩ። ሦስተኛ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈ ጉልበት ቢኖራችሁ ባዶውን አታሽከርክሩት፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይታጣምና።